እየሳሉ ያሳለሙት ካህን

ቄስ ገብረ ኪዳን ከቅዳሴ በኋላ በጎንደር ከተማ የንስሐ ልጆቻቸውን ቤት ለቤት የመጠየቅ የቆየ ልማድ ነበራቸው። ከቤት ሲገቡ ትልቅ ትንሹ ተነሥቶ መስቀላቸውን በግንባሩና በከንፈሩ ይሳለማል፤ እሳቸውም መርቀው ወደሚቀጥለው ቤት ያልፋሉ።

የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ ጤና ጣቢያው በርቀት እንዲባርኩ አሳሰበ። እሳቸው ግን፣ «በሽታው ከውጭ አገር የመጣ ነው፤ ከመስቀል የሚወጣ አይደለም» ብለው ልማዳቸውን ቀጠሉ። ስለ መስቀሉ የተናገሩት እውነት ነበር፤ ስለ ራሳቸው እስትንፋስ ግን አላሰቡም።

አንድ እሑድ ጽና ይዘው ሲያጥኑ የዕጣኑ ሽታ ጠፋባቸው። ጉንፋን ነው ብለው ናቁት። ከሰዓት በኋላ ወደ ማራኪ ሰፈር ሄደው፣ አስም ከሚያስቸግራት ከንስሐ ልጃቸው ከወለተሩፋኤል ቤት ገቡ።

«ምነው አባ፣ ድምፅዎ ተዘጋ? እንዲህ ሆነው ነው የቀደሱት? ሕዝቡ ምን ሰማ?» አለች እየሳቀች።

«የተኛው ተኛ፤ የነቃው ሰማ» አሉና እየሳሉ አሳለሟት።

ሳምንት ሳይሞላ ወለተሩፋኤል ሆስፒታል ገብታ በኦክስጅን መተንፈስ ጀመረች። ቄሱም ተመርምረው ቫይረሱ ስለተገኘባቸው ከቤታቸው እንዳይወጡ ታዘዙ። ባሏ እንኳየሁ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ተጣራ።

«አባ፣ ሳይናዝዙኝ እንዳልሞት እያለች ነው።»

«ሌላ ካህን ይሂድላት።»

«እርስዎን ነው የጠራች።»

«ልጄ፣ በሽታውን ያደረስሁባት እኔ ነኝ።»

እንኳየሁ አቀረቀረ። «ማን ያውቃል? ገበያም ወጥታ ነበር።»

«ከገበያ አትበለኝ። እየሳልሁ ነው ያሳለምኋት።»

በስልክ እንዲናዝዟት ተስማሙ። እንኳየሁ ሆስፒታል ደርሶ ደወለና ስልኩን ከጆሮዋ አስጠጋ። ለቄሱ የተሰማቸው የኦክስጅኑ ሽውታ ብቻ ነበር። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ማለት ሲገባቸው ጸጸታቸው ቀደመ። «ልጄ፣ ይቅር በዪኝ፤ ጉንፋን መስሎኝ ነው፤ ባውቅ ኖሮ ከደጅሽ አልደርስም ነበር» እያሉ ስለ ራሳቸው ብዙ ተናገሩ። የሥርየቱን ጸሎት ሊጀምሩ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ የእንኳየሁ ድምፅ መጣ።

«አባ፣ ይተዉት። አርፋለች።»