የጁምዓው ባልዲ

ዶክተር ሂሻም አርፈው መቀመጥ አይሆንላቸውም። እዚህ ሱዳን፣ ዐማራት ሰፈር ቤታቸው ስሠራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ምሳ እንኳ የሚበሉት ቆመው ነው። ዩኒቨርሲቲ ሠላሳ ዓመት ያስተማሩት ደግሞ ስለ አፈር። እኔ ወሎ እየረገጥኩት ያደግሁት ዋልካ! መጀመሪያ ስሰማ፣ ለአፈርም ፕሮፌሰር አለ እንዴ ብዬ ስቄያለሁ። ተማሪዎቻቸው ግን ኦምዱርማን ድረስ ሄደው ጉድጓድ እየቆፈሩ አፈሩን በቱቦ ያመጡላቸው ነበር።

ነገሩ የጀመራቸው በዚሁ ቤት ነው። ዝናብ ሲመጣ አፈሩ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ አባታቸው ሦስት ጊዜ ያስለሰኑት ግድግዳ ሦስቴም ተሰነጠቀ። እሳቸው ተምረው መጡና፣ ከሥሩ ያለው እርጥበት ካልተለዋወጠ ስንጥቁ አይሰፋም አሉ። ስንጥቁ ላይ መለኪያ ለጠፉ፤ ዝናብ በሌለ ጊዜ በየጁምዓው ግድግዳው ሥር ሁለት ባልዲ ውሃ እያፈሰሱ የስንጥቁን ስፋት ሃያ ሁለት ዓመት መዘገቡ።

ጦርነቱ ሲመጣ ልጆቻቸው ፖርት ሱዳን ወሰዷቸው። መኪናው ውስጥ ለእኔ ቦታ አልነበረም። መዝገቡን ሰጡኝና፣ «ሀኒፋ፣ ውሃ ሳታፈሺ ጁምዓ እንዳታሳልፊ» አሉኝ። ኢንሻአላህ አልኩ፤ ውስጤ ግን በግኖ ነበር።

የቧንቧው ውሃ ጠፋ። ውሃ በአህያ ጋሪ ሲመጣ ይመጣል፣ ሲቀር ይቀራል። ግንቦት ላይ የሦስት ጁምዓውን ውሃ እኔና ጎረቤቴ ዛሂራ ከልጆቿ ጋር ጠጣነው። መለኪያው ያሳየውን በትክክል ጻፍኩ፤ ከጎኑ ግን «ሁለት ባልዲ ፈሰሰ» አልኩ። ፈራኋ።

አሁን ተመልሰዋል። መዝገቡን ካዩ ወዲህ ባሰባቸው፤ ከሳሎን ጓሮ፣ ከጓሮ ሳሎን። ምግብም ተዉ። ምን ሆኑ ብላቸው፣ «ውሃው ሳይቋረጥ ግንቦት ላይ ስንጥቁ ሦስት ሚሊ ሜትር ሰፍቷል። ዕድሜዬን ሙሉ ተሳስቼ ተማሪዎቼን አሳስቻለሁ። ነገ ይህንኑ ለዩኒቨርሲቲው እጽፋለሁ» አሉኝ።

ብናገር ያባርሩኛል፤ ዝም ብል እኚህ ሰው ሊሞቱብኝ ነው። መጥረጊያዬን ጣልኩ።

«ዶክተር፣ ውሃው አልፈሰሰም። ጠጥተነዋል።»

ወንበር ስበው ቁጭ አሉ። «ስንት ጁምዓ?»

«ሦስት።»

«ሌላ ውሃ አልነበራችሁም?»

«ከየት ይምጣ፣ ዶክተር?»

ከዚያ ብዕር አውጥተው የእኔን ጽሑፍ ሦስቱም ቦታ ሰረዙና የሆነ ነገር ጽፈው ወጡ። መዝገቡን ገልጬ አየሁት። በዐረብኛ እንዲህ ይላል፦ «ውሃውን ሀኒፋ ጠጣችው። ለእሷ የሚጠጣ ሳልተው ለግድግዳው ያዘዝኩት እኔ ነኝ።»