የዚያ ማክሰኞ ጭብጨባ

ለሠላሳ ዓመት ሰው ያለውንና ያደረገውን ስጽፍ ኖሬአለሁ። ይህን ግን አልጻፍኩትም፤ ለማንም አልተናገርኩትም። የነፍስ አባቴ ፊት ተንበርክኬ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር እንኳ እዚህ ስደርስ ዘልዬዋለሁ። አንተ አንባቢ አታውቀኝም፤ ለአንተ መናገር የቻልኩት ለዚህ ይሆናል። እንደ ሥራዬ ልማድ ዋናውን ከፊት ላስቀምጠው፤ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ።

በደርግ ዘመን፣ ቀይ ሽብር ደብረ ታቦር በደረሰበት ዓመት፣ የከተማው የዜና ዘጋቢ ነበርኩ። ጓደኛዬ ይልማ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ያገናኘን ፊልም ነበር። ከተማው ውስጥ ሲኒማ ቤት የለም። እኔ ለሥልጠና አዲስ አበባ በከረምኩ ጊዜ ያየኋቸው ጥቂት ፊልሞች ነበሩኝ፤ እሱ ከልጅነቱ ጀምሮ ያያቸው ብዙ ነበሩት። የቀረውን ታላቅ እህቱ ከሚልኩለት አሮጌ መጽሔት እናነባለን፤ ያላየነውን ፊልም እንዳየነው አድርገን እንከራከራለን።

በየዓመቱ በመጋቢት መጨረሻ አሜሪካኖች ለፊልም ሰዎቻቸው ሽልማት ይሰጣሉ። እዚያ ሲመሽ እኛ ዘንድ ይነጋል። ይልማ አጭር ሞገድ የሚይዝ ራዲዮ ነበረው። የኢምፔሪያሊስት ጣቢያ ማዳመጥ ስለሚያስጠይቅ መስኮቱን ዘግተን፣ በሩን ቀርቅረን፣ ጆሯችንን ራዲዮው ላይ ለጥፈን እንሰማለን። ይልማ የደገፈው ሰው ሲያሸንፍ ድምፅ ሳያሰማ ክፍሉን በፍጥነት ይዞራል። ሲሸነፍበት ደግሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ ኩርፊያው እስከ እሑድ ይቆያል።

«እነዚህ ዳኞች ለመሆኑ ፊልም አይተው ያውቃሉ?» ይላል።

«አንተስ አይተኸዋል?»

«ባላየውስ! አንተ ያልተገኘህበትን ስብሰባ ትጽፍ የለም እንዴ?»

ያን ማክሰኞ ገና በማለዳው ሄድኩ። ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብር ነበር። ከዕጩዎቹ መካከል እኔ የምወዳት ተዋናይት ነበረች፤ አንዱን ፊልሟን አዲስ አበባ ሳለሁ አራት ጊዜ አይቼዋለሁ። ይልማ የሌላዋ ደጋፊ ነበር። ድምፁ እየጠፋ፣ እየመጣ፣ የእኔዋ ስም ተጠራ። ይልማ «አይ!» ብሎ አልጋው ላይ ተገልብጦ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እኔ ብድግ ብዬ አጨበጨብኩ። አፏጨሁ። ደግሜ አጨበጨብኩ።

«ኧረ ቀስ በል አንተ ሰው፣ ሰው ይሰማል!» አለኝ፣ ከኩርፊያው ሳይወጣ።

ይበልጥ እንዲናደድ ብዬ ለሦስተኛ ጊዜ አጨበጨብኩ።

በዚያች ደቂቃ፣ ከተዘጋው መስኮት ውጭ፣ ጎህ ሲቀድ በጉና መንገድ የተገደለ የአንድ ካድሬ አስከሬን በላንድሮቨር ተጭኖ በዝግታ ያልፍ ነበር። አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃቸውን ዘቅዝቀው በእግር ይከተሉታል። የሚናገርም የሚያለቅስም አልነበረም። ሰውየው መሞቱን እኔ አልሰማሁም፤ ይልማም አልሰማም። አጃቢዎቹ ግን ከይልማ ቤት የወጣውን ጭብጨባና ፉጨት ሰሙ። እኔ እንደ ልማዳችን በጓሮ በኩል ወጥቼ ሥራዬ ገባሁ። እሱን ረፋድ ላይ ከሚያስተምርበት ክፍል አውጥተው ወሰዱት።

ከሰዓት በኋላ በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። በዚያ ሰዓት የሆነውን ሁሉ አውቄ ነበር። ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ከፊት ተቀመጥኩ።

«ጓድ መምህር» አለ ሊቀመንበሩ፣ «በጓድ ሞት የምታጨበጭበው ለምንድን ነው?»

«በሞት አላጨበጨብኩም። በራዲዮ የፊልም ሽልማት ነበር። ለእሱ ነው።»

አዳራሹ ሳቀ። «ሲኒማ በሌለበት አገር!» አለ አንዱ ከኋላ። «ጉና ላይ ነው እንዴ የሚያሳዩት?» አለ ሌላው።

ሊቀመንበሩ አልሳቀም። «አብሮህ የሰማ ሰው ካለ ጥራ። አንድ ምስክር ካለህ እንሰማዋለን።»

የይልማ ዓይን በአዳራሹ ዞረ። እኔ ላይ ደረሰ፤ አልቆመም፤ አለፈኝ።

«ብቻዬን ነበርኩ» አለ።

«ጻፍ፣ ጓድ ጋዜጠኛ» አለኝ ሊቀመንበሩ።

ጻፍኩ። ብቻውን ነበር ብዬ ጻፍኩ።

ለምን አልተነሳሁም? ፈርቼ ነው? ፈርቻለሁ። ግን በዚያ አዳራሽ ያልፈራ አልነበረም፤ ያጨበጨበው ግን እኔ ብቻ ነኝ። የመንግሥት ዘጋቢ ነበርኩ፤ ቃሌ ይሰማ ነበር። አንድ ምስክር ነው የተጠየቀው። እኔ ያ ምስክር ነበርኩ፤ ከምስክርም አልፌ ወንጀል የተባለውን የሠራሁት እኔ ነበርኩ። ብናገር ይድን ነበር ወይስ ሁለታችንም እንጠፋ ነበር? አላውቅም። የማላውቀውን መከላከያ አላደርገውም። እሱ ዓይኑን ከእኔ ላይ ያነሳው ሊያድነኝ ነው። እኔ ዓይኔን ወደ ደብተሬ የመለስኩት ለምንድን ነው?

ማስታወሻው እስከ ዛሬ አለኝ። ጽሕፈቱ የተስተካከለ ነው፤ አንድ ፊደል አልተሰረዘም። በዚያው ዕለት ባስተላለፍኩት ዜና «አድኃሪው መምህር ወንጀሉን በሕዝብ ፊት አምኗል» የሚል አለበት። አላመነም ነበር። ያን ዓረፍተ ነገር ማንም አላዘዘኝም።

ይልማን ጎንደር ወሰዱት። እህቱ እትዬ አስካለ ከአዲስ አበባ ድረስ መጥተው ስንቅ ሲያመላልሱለት ከረሙ። በሰኔ አንድ ቀን ዘበኛው «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ» አላቸው። ትርጉሙን የማያውቅ ሰው በዚያ ዘመን አልነበረም። የወንድማቸውን ዕቃ ሊወስዱ ደብረ ታቦር መጡ፤ እኔም ላግዛቸው ሄድኩ። ሸሚዝ እያጠፉ ሳሉ ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

«ይልማ አጨብጭቦ አያውቅም። ሲኒማ ስንገባ ሰዉ ሁሉ ሲያጨበጭብ እሱ እጁን አጣጥፎ ነው የሚያይ። ደስ ሲለው እንኳ መዞር ነው እንጂ ድምፅ የለውም። እዚህ ቤት ሌላ ሰው ነበረ። ማን ነበር፣ ወንድሜ?»

«እኔ እንጃ እትዬ» አልኩ። «ብቻውን እንደነበረ ነው የሰማሁት። አንቱም እንዲያው ልብዎን አያድክሙ።»

ሸሚዙን አጥፈው ጨረሱ። ከዚያ የይልማን ካፖርት ከምስማሩ አውርደው ሰጡኝ።

«እግዜር ይስጥህ» አሉኝ። «ሰው ሁሉ በዚህ ደጃፍ ማለፍ ሲፈራ አንተ መጣህልኝ። አገራችሁ ብርድ ነው፤ ልበሰው።»

አልቀበልም ማለት እችል ነበር። ተቀበልኩ። እዚያው ፊታቸው ለበስኩት። ሦስት ክረምት ለበስኩት። ሞቆኝ ነበር።

እትዬ አስካለ ማን እንዳጨበጨበ ሳያውቁ ሞቱ። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱም በየተራ ፊቴ ቆመው ሳሉ ዝም አልኳቸው። አንተም፣ እስከዚህ ያነበብክ ሰው፣ ይቅር አትበለኝ። ይቅርታው የአንተ አይደለም።