ተራ አስከባሪዋና ሰንሰለተኛው

ታላቅ እህቴ የሚኒባስ ተራ አስከባሪ ናት። እኔ ደግሞ እዚያው መናኸሪያ ሹፌር ነኝ። ሰው «እህትህ ስለሆነች ቶሎ ትጭናለህ» ይለኛል። ምነው በሆነልኝ! አንድ ቀን ለምሳዬ ቸኩዬ አንድ መኪና ቀድሜ ብገባ፣ ሹፌሮቹ ሁሉ እያዩ ወደ ሰልፉ ጫፍ መልሳ ሰደደችኝ። «አንተ የእናቴ ልጅ ነህ፤ ተራው ግን የእናቴ ልጅ አይደለም» አለችኝ። ሹፌሮቹ እስካሁን ይቺን እየደገሙ ይስቁብኛል።

ይህቺው ሴት እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ካርድ ትጫወታለች። ቁማር እንዳይመስላችሁ፤ እናታችን እንኳ መጀመሪያ ላይ እንደዚያ መስሏት አኩርፋ ነበር። ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ጀርባ ጠባብ ክፍል አለች። ሰው የየራሱን ካርዶች መርጦ፣ አዋቅሮ ይመጣና ሁለት ሁለት እየሆነ ይገጥማል። «ምንጭ» የሚባሉት ካርዶች ኃይል ይሰጣሉ፤ በዚያ ኃይል ሌሎቹን ትጥላለህ። የባላጋራህን ነፍስ ቀድመህ ከጨረስክ አሸነፍክ።

እዚያ ቤት አብዛኛው ሰው ሰንሰለተኛ ነው። ለብቻቸው የማይረቡ ካርዶችን እጁ ላይ ያጠራቅምና፣ ሲሟሉለት አያይዞ በአንድ ተራ ይጨርስሃል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለእነሱ ነው። እኔም አንዱ ነኝ፤ እስኪሟሉ የምጠብቅበትን ትዕግሥት ግን ከየት አባቴ ላምጣ! እህቴ ግን ሌላ ናት። የምትተማመነው «እምቢ» በምትባል ካርድ ነው። ባላጋራዋ አንድ ነገር ሲጥል «ቆይ» ትልና፣ ሳትነካ ያቆየችውን ኃይል ከፍላ እምቢን ታስቀምጣለች፤ የተጣለው ይሻራል። «ሰንሰለቱን ሁሉ መበጠስ ምን ያደርጋል? ሌላውን የያዘችውን ቀለበት ፈልግ» ትለኛለች። ከዚያ አንዲት ትንሽ ወታደር ታወጣና በየተራው እየቆነጠረች ታሟጥጥሃለች። ስንቴ ጨጓራዬን ልጣዋለች! ተመልካቹ ያዛጋል። እሷ እቴ፣ ምን ገዷት።

ዘንድሮ ቤቱ ከሌላ ከተማ ተጫዋቾች ጋር የሚገጥም የአራት ሰው ቡድን አቋቋመ። ሦስቱ ቦታ ተያዘ፤ ለአራተኛው እህቴና አንድ ፋርማሲስት ቀሩ። ፋርማሲስቱ ጨዋ ልጅ ነው፣ ሰንሰለት አሰካኩም ለዓይን ደስ ይላል፤ ቤቱ በሙሉ እሱ እንዲሄድ ይፈልግ ነበር። የመደብሩ ባለቤትማ ምንም አልደበቀም፤ «አንቺ ጎበዝ ነሽ፤ ግን ጨዋታሽ እንቅልፍ ያመጣል» አላት። ወደ ቤት ስንሄድ፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ሌላ ሰው ሲሳፈር አይቼ ነው የኖርኩት። አንድ ጊዜ እኔም መሄድ እፈልጋለሁ» አለችኝ። እህቴ ለራሷ አንድ ነገር እፈልጋለሁ ስትል ሰምቼ አላውቅም። አንጀቴን በላችው።

በሚቀጥለው እሁድ ለቦታው ገጠሙ። ሁለቱን ጨዋታ አንድ አንድ ተባባሉና ሦስተኛው ወሳኝ ሆነ። እኔ ከኋላዋ ቆሜ በእጇ የያዘችውን አያለሁ። ትንሿ ወታደሯ ወጥታ መቆንጠር ጀምራለች። ፋርማሲስቱ አንድ ትልቅ ካርድ ጠረጴዛው ላይ ጧ አደረገ። እህቴ «ቆይ» አለችና እምቢን አስቀመጠች። ልጁ ፈገግ አለ። ያኔ ገባኝ፤ ካርዱ ማጥመጃ ነበር። ዋናዋ ቀለበት አሁንም እጁ ላይ ናት። እህቴ እጅ ላይ የቀሩት ደግሞ ሁለት ምንጮች ብቻ፤ ጉንዳን እንኳ አያስቆሙም። ለእኔ ስትተርተው የኖረችው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» በራሷ ላይ ደረሰ።

ፊቷ ግን ንቅንቅ አላለም። አዲስ ካርድ ሳበች፤ ያም ምንጭ። አንዱን ዘረጋች፣ ሁለቱን ያዘች፣ ኃይሏን ሁሉ ሳትነካ «ተራህ ነው» አለችው። እምቢ የያዘ ሰው የሚጫወተው እንደዚያ ነው።

ፋርማሲስቱ ተጠራጠረ። ሰንሰለቱን ጀምሮ ዋናዋን ቀለበት ብትሽርበት ሌላው ሁሉ ይበተንበታል። ዓይኑ ከእጇ ተነሥቶ እኔ ላይ አረፈ። የኔ ፊት ደግሞ ምሥጢር አይቋጥርም፤ በሆዴ ያለው ሁሉ ግንባሬ ላይ ይነበባል። ከንፈሬን ነከስኩ። እህቴ ዞር ሳትል፣ «አንተ፣ ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙርልኝ! እስክጨርስ እንዳትዞር» አለች። ሰው ሳቀ። እኔም ዞሬ ከአንድ የደብተር ማስታወቂያ ጋር ተፋጠጥኩ።

ከዚያ በኋላ የሰማሁት በጆሮዬ ብቻ ነው።

«አሳልፌያለሁ» ይላል ልጁ።

«ወታደሬ ትመታሃለች» ትላለች እሷ።

እንደገና ያሳልፋል፤ እንደገና ትመታዋለች። አንድም ትርፍ ቃል አትናገርም። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? አሁን ጣለው፣ አሁን ጨረሳት እላለሁ። እሱ ግን ሰንሰለቱን ከእምቢ የሚከልልለት ካርድ እስኪመጣለት ይጠብቃል። በመጨረሻ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ።

«ይህንንም ላሳልፍ፤ በሚቀጥለው ተራ ግን ይምጣ የመጣው፣ እጥላለሁ» አለ።

«የሚቀጥለው ተራማ የለህም። ወታደሬ ትመታሃለች፤ ቁጠር» አለች እህቴ።

ስዞር ፋርማሲስቱ የቀረ ነፍስ ካለኝ ብሎ ደጋግሞ ይቆጥራል። እንቅልፍ ያመጣል ያለው ባለመደብር ወንበር ላይ ወጥቶ ቆሟል። «ቦታው ያንቺ ነው» አላት ከዚያው ሆኖ።

«እትዬ፣ እጅዎን ልየው?» አለ ልጁ።

እስከ መጨረሻው ሌላ ነገር አልመጣላትም ኖሯል፤ ሁለት ምንጭ ዘረጋችለት። ልጁ አገላብጦ አያቸው።

«ምንም አልነበረዎትም! ታዲያ ወንድምዎን ያስዞሩት ለምንድን ነው? እኔ እኮ እምቢን አይቶ ሊስቅ ሲል ያስዞሩት መስሎኝ ነው ያሳለፍኩት!»

«አይ የኔ ልጅ» አለችው እህቴ ካርዶቿን እየሰበሰበች፣ «ሊያለቅስ ሲል ነው።»