የክንዱ አይጥ

ዳቦ ጋጋሪው የተሰበረ ክንዱ ዳነና ጄሶው ሲፈታለት፣ ስንት ሊጥ ያሸው ጡንቻው ሙሽሽ ብሎ አገኘው። በጣም ከፋው። እንግሊዝኛ አስተማሪ የሆነችው የእህቱ ልጅ ልታጽናናው አጠገቡ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ እንግሊዞች ጡንቻን ‹ማስል› ይሉታል። ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፤ ‹ትንሿ አይጥ› ማለት ነው። ክንድ ሲታጠፍ ጡንቻው ከቆዳ ሥር ውር ውር የምትል አይጥ ይመስላላ።»

«ዕድሜ ልኬን አይጥ ከዱቄት ሳባርር ኖሬ፣ ጭራሽ ክንዴ ውስጥ ላሳድራት?» ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ውኃ የሞላ ጠርሙስ እያነሳ፣ «አይጤን ልቀልባት» ይል ጀመር። ትናንት ሊጡን ራሱ አሸ። ሚስቱ ክንዱን ዳበስ አድርጋ፣ «ይቺማ ወልዳለች» አለችው።