ከበሩ የተጀመረ ወለል

ሰፈሩ የሚያውቀው «ውሃ ልክ» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። እሱ ሴራሚክ ያነጠፈው ወለል ላይ ብይ ቢያስቀምጡ ንቅንቅ አትልም። ሠላሳ ዓመት በጉልበቱ ኖሯል፤ ጸሎተኛ እንኳ እንደሱ አልተንበረከከም።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ቀኝ ጉልበቱ ውስጥ ያለው ለስላሳ አጥንት ተቀደደና በቀዶ ጥገና ቆርጠው አወጡለት። ዕረፍ ቢሉት መቼ ሰምቶ! በወሩ ሥራ ገባ። ዘንድሮ ሐኪሙ ራጁን አይቶ፣ «መሀል ላይ የቀረ ነገር የለም፤ አጥንት ካጥንት እየተፋጨ ነው። ከእንግዲህ መንበርከክ ይብቃህ» አለው። ለሚስቱ ግን «ደህና ነው አለኝ» ብሎ አድበስብሶ አለፈው። ሌላ ሙያ የለውማ! ይህን ከተወ ምን ሆኖ እንደሚውል አያውቅም። ፈርቷል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ሴራሚክ የሚነጠፈው ከውስጠኛው ጥግ ተነሥቶ ወደ በሩ እያፈገፈጉ ነው። ይህን ጀማሪም ያውቀዋል። ያን ቀን ጠዋት ግን ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎ ሲያስቸግረው፣ የበሩን መቃን ይዞ እንደምንም ተንበረከከና እዚያው ጀመረ። ወደ ውስጥ እያፈገፈገ፣ ጥርሱን ነክሶ አነጠፈ። ጀርባው ግድግዳ ሲነካ ነው የባነነው። በእሱና በበሩ መካከል ያልደረቀ ወለል ተዘርግቷል። ልነሣ ቢል ጉልበቱ ቆልፎ ያዘው።

የሚስቱ ወንድም በጎን ያለውን ክፍል ቀለም ሲቀባ ቆይቶ ለምሳ ሊጠራው መጣ። አይቶ መጀመሪያ ሳቀ።

«ጋሼ፣ ራስህን ውስጥ አጥረህ አስቀረህ እኮ! ከበሩ ጀመርክ? አንተ?»

«የምይዘው ፈልጌ ነው።»

ቀለም ቀቢው ሳቁን ዋጠ። «እህቴ እኮ ደህና ነው ብላኝ ነበር።»

«እኔ ነኝ የዋሸኋት።»

«ጣውላ ላምጣልህ፣ በላዩ ተሻገር።»

«መቆም መች ቻልኩና።»

ውሃ ልክ ወለሉን አየው። አንዷም ዝንፍ አላለችም። ድካሙ ሁሉ ያኔ ነው አንድ ላይ የመጣበት።

«አንሣው» አለ።

«ምኑን?»

«ሴራሚኩን። መሀል ለመሀል መንገድ አውጣና ና።»

እሱ ያነጠፈውን ሰው አንሥቶበት አያውቅም። ቀለም ቀቢው አንድ በአንድ እየነቀለ ደረሰና አዝሎ አወጣው። ደጅ አስቀምጦት ላቡን ጠረገ።

«ትንሽ ዕረፍና ከሰዓት ትመልሰዋለህ።»

«ሌላ ሰው ፈልግ» አለው ውሃ ልክ፣ የሚስቱን ቁጥር ከስልኩ ላይ እየፈለገ። «ከጥጉ ይጀምር በለው።»