ቤቷን ዞሮ ያለፈው ወንዝ

እሑድ፣ ከአዲስ አበባ

አውቶቡሱ የተነሣው ሰማዩ ገና ሳይገላለጥ ነው። ከምኖርበት ከአዋሳ ቅዳሜ መጥቼ ዘመድ ቤት አድሬያለሁ። እሑድ ቀን ቅዳሴ ሳላስቀድስ መንገድ ወጥቼ አላውቅም፤ ሌላ ቀን የሚነሣ መኪና ስላላገኘሁ ግን ያለፍነውን ጉልላት ሁሉ በመስኮት እየተሳለምኩ ከከተማ ወጣሁ። ደስ አላለኝም። እንዲህ ያለ መንገድ ያለ ጸሎት አይጀመርም።

የምሄደው አስመራ፣ እናቴ ዘንድ ነው። የያዝኩት ግን መርዶ ነው። በቅርቡ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አፈላልጎ አዋሳ ድረስ መጣ። ከታናሽ ወንድሜ ጋር በአንድ ጋንታ የተዋጋ ሰው ነው። «በእጄ ቀብሬዋለሁ» አለኝ። «እናታችሁን ግን በዓይኔ ማየት አቃተኝ። ደጃፏ ደርሼ ተመለስኩ። እባክሽ አንቺ ንገሪያት።» እናቴ ጦርነቱ ካበቃ ወዲህ፣ ሜዳ የወጡት ታጋዮች ሁሉ እየተመለሱ ሲገቡ፣ በሯን ገርበብ አድርጋ የምትውል ሴት ናት።

ጣርማ በር ላይ ጉም፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ላብ። ምሳ ላይ ከጎኔ የተቀመጠች ነጋዴ ዳቦዋን ቆርሳ ሰጠችኝና፣ «እህቴ፣ አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው ውኃ እንኳ የማይወርድልሽ?» አለችኝ። መኪና ያመኛል አልኳት። እውነቱን የማይናገር ሰው ጉዞ እንዲህ ነው፤ በየፌርማታው ትንሽ ይዋሻል።

ሰኞ፣ ከደሴ እስከ መቀሌ

ወልድያ፣ አላማጣ፣ ማይጨው። በመንገዱ ዳርና ዳር የተቃጠሉ ታንኮች ዝገው ቆመዋል፤ በአንዱ አፈሙዝ ላይ ሰው ልብስ አስጥቷል። የሰኞን ውዳሴ ማርያም ደግሜ ጨረስኩ፤ መጨረሴን ረስቼ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩት። አምባላጌን ስንወጣ እጄ ላይ ያለው መቁጠሪያ በላብ ረጥቦ ነበር። አብረውኝ የተሳፈሩት ገደሉን የፈራሁ ይመስላቸው ነበር፤ እኔ የፈራሁት ግን መድረሱን ነው።

ማክሰኞ፣ ዛላምበሳ፣ ሰንዓፈ፣ አስመራ

አዲሱ ኬላ ላይ አንድ ወጣት ወታደር ወረቀቴን ገልብጦ አየው።

«ለምን ጉዳይ ነው?»

«እናቴን ልጠይቅ።»

«ጽቡቕ፣ ጥሩ ነው። ሰላም በይልኝ» ብሎ ሣቀ። እኔ መሣቅ አልቻልኩም።

ሰንዓፈ አካባቢ ድንጋዮቹ ሜዳው ላይ እንደ ሰው ተሰልፈው ሲታዩ ሾፌራችን መኪናውን አዘገመ። ጥርሱ የወርቅ የሆነ፣ ጨዋታ የሚወድ ሽማግሌ ነው። «ሰርገኞች ነበሩ» አለን። «ከወዲያ ለቅሶ ይዘው የሚመጡ ሰዎች 'መንገድ ልቀቁልን' ቢሏቸው፣ 'ዛሬ የኛ ቀን ነው' ብለው እምቢ አሉ። እዚያው ድንጋይ ሆኑ።»

«ሙሽራዋ የቷ ናት?» አለ ከኋላ አንድ ጎልማሳ።

«ያቺ ቀጭኗ።»

«ይህን ሁሉ ዘመን ቆማ ምነው አልወፈረች!»

«አማቷ አጠገቧ ናት እኮ፤ በየት በኩል ትወፍር?»

መኪናው በሣቅ ተናወጠ። በሙሉ ትልልቅ ሰዎች ነን፤ ድንጋይ ድንጋይ መሆኑን እናውቃለን። ሆኖም ድንጋዮቹ ከዓይናችን እስኪጠፉ ሁሉም ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር፤ ከፊት ያሉ አንዲት ሴትዮ አማተቡ። ይህች አገር አሁን በየቤቱ ሰርግ ናት። እኔ ደግሞ ለቅሶ ይዤ በመሐሏ እያለፍኩ ነው።

ጀምበር ሲያዘቀዝቅ አስመራ ገባን። ዘንባባዎቹ እንዳሉ ናቸው፤ ሰው በዋናው መንገድ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ሻሂ ቤቶቹ ሞልተዋል። ፌርማታው ላይ የእናቴ ታናሽ እህት፣ ሓትኖ ለምለም ጠበቀችኝ። አስቀድሜ መልእክት ልኬላት ሁሉንም ታውቃለች። ስንሳሳም እንኳ አላለቀስንም፤ ሰው ያያል።

ገዛ ባንዳ በሚባለው ሰፈር በኩል ወደ እናቴ ሰፈር ወደ ገጀረት ስንሄድ በዝግታ አስጠነቀቀችኝ። «ስሚ ጓል ሓፍተይ፣ የእህቴ ልጅ፣ መርዶ በሥርዓቱ ነው። ሐሙስ ንጋት ላይ የነፍስ አባቷ ቀሺ ሃብቶም ከሽማግሌዎች ጋር ይመጣሉ። እስከዚያ እንግዳ ነሽ፤ ናፍቀሽ መጣሽ። ሣቂ፣ ብዪ፣ ጠጪ። እሷንም አብዪያት። ደም ያንሳታል፤ በባዶ ሆዷ ከሰማች ትወድቅብናለች።»

«ብትጠይቀኝስ?»

«ትዋሺያለሻ! እግዚአብሔር ይህችን አይቆጥርብሽም።»

እናቴ በሩ ላይ አቀፈችኝ። ከትከሻዬ በላይ መንገዱን አየች፤ ከኔ ጋር ሌላ ሰው የመጣ እንደሆነ።

ረቡዕ፣ ገጀረት

አባቴ ነፍሱን ይማረውና የጎንደር ሰው ነበር፤ ቤታችን ግማሽ በአማርኛ ግማሽ በትግርኛ ነው የሚያወራው። ጠዋት እናቴ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። እጆቿ ከስተዋል። አጥንቷን ሳይ የሓትኖ ለምለም ቃል ጆሮዬ ላይ ጮኸ፤ ነገ ንጋት እነዚህ እጆች ምን ይይዛሉ? ወጥ ቤት ገብቼ ፍርፍር በሣህን ይዤ ወጣሁ።

«አደይ፣ እስኪ ትንሽ ቅመሺ።»

እጇ ምስሩ ላይ ቆመ። «አሁን?»

«አሁን። ትንሽ።»

«ዛሬ ረቡዕ አይደል እንዴ?»

ያኔ ነው የገባኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ረቡዕና ዓርብ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውኃ በአፌ አልዞረም። በንዳድ ተኝቼ እንኳ ጦም አልፈታም ብዬ ይህችው እናቴ ለምናኝ ነበር። ይህን ሁሉ የምታውቅ ሴት ፊት፣ በጠዋት፣ ሣህን ይዤ ቆሜያለሁ። ሐዘን የሚነገረውን ሰው አስቀድሞ ማብላት ደግሞ በኛ አገር ማንም የሚያውቀው ነገር ነው።

«ታመሽ እንዳይሆን ብዬ ነው…»

«አላመመኝም።» ሣህኑን ተቀብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ፣ «ተቀመጪ፣ ጓለይ። ጽውጽዋይ ልንገርሽ» አለች።

ጽውጽዋይ ተረት ማለት ነው። ተረት በቀን! ልጆች ሳለን በቀን ተረት የሚያወራ ከብቱ ይጠፋበታል ብላ ትቆጣን ነበር። እኔ ደግሞ ካደግሁ ወዲህ ተረትን ከከንቱ ወሬ ቆጥሬ ተናዝዤበታለሁ። ተቀመጥኩ።

«አንዲት ሴት ነበረች» አለች። «ልጇ ወንዙን ይዞ ወደ ላይ፣ ወደ ምንጩ ሄደ። ወንዙ በየቀኑ በደጃፏ ያልፋል። ማድጋዋን ስትሞላ 'ልጄን አየኸው?' ትለዋለች። 'ትናንት ጎንበስ ብሎ ሲጠጣ አየሁት' ይላታል። 'ትናንት እግሩን ታጠበ' ይላታል። እንዲህ እያለ ኖረ። አንድ ቀን ግን ወንዙ ክፉ ነገር አየ። 'ይህን ብነግራት ሁለተኛ ከኔ አትቀዳም' ብሎ ፈራ። ጋራውን ዞሮ በሌላ በኩል ሄደ። ሴትዮዋ ጠዋት ብትወጣ አሸዋው ደርቋል።»

«ምን አደረገች?»

«ማድጋዋን አዘለች። ጋራውን ዞረች። ወንዙ ከሚደበቅበት ደረሰች። አልጮኸችም። ቀዳች፣ ጠጣችለትም። 'አየህ? ዛሬም ቀድቼሃለሁ፣ ነገም እቀዳሃለሁ። በል ንገረኝ' አለችው።»

«እሱስ ምን አለ?»

«እሱን እንኳ አንቺ ነሽ የምታውቂው።»

በቀጥታ ጠይቃኝ ቢሆን እዋሻት ነበር፤ ከአዋሳ ጀምሮ የተለማመድኩት ውሸት ነበረኝ። ለወንዙ ግን ያዘጋጀሁት ውሸት አልነበረኝም። እግሯ ሥር ተንበርክኬ ነገርኳት። የሞተው ናቅፋ ግንባር መሆኑን፣ ጓደኛው እንደቀበረው።

«በእጁ?»

«በእጁ።»

«ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ?»

«አልጠየቅሁትም፣ አደይ።»

«ዋይ፣ ይህን ነበር መጠየቅ» አለች። ይኸው ወደቀች ብዬ ጎንና ጎኗን ያዝኩ። አልወደቀችም። እንባም አልወጣት።

«መንገርሽን ለምለም እንዳታውቅ» አለች በመጨረሻ። «ሰዎቹ ለነገ ተሰናድተዋል፣ እወ? ይምጡ። ይህን ብቻዬን ማልቀስ አልችልም።»

ምስሩን ለቅማ ጨረሰች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሁለታችንም ምንም አልቀመስንም።

ሐሙስ ንጋት

ሓትኖ ለምለም በሩን ስትከፍት እናቴ ታጥባ፣ ነጠላዋን ለብሳ ተቀምጣ ነበር። ከጸጸራት መንደር የመጡ ዘመዶች፣ ጎረቤቶች፣ ሽማግሌዎች ቀስ ብለው ገቡ። ሁለት ሴቶች ስትወድቅ ሊይዟት ከኋላዋ ቆሙ። እኔ ወለሉን አያለሁ፤ ቀና ካልኩ ፊቴ ያጋልጠናል።

ቀሺ ሃብቶም ከኢዮብ ጀመሩ። እግዚአብሔር ሰጠ አሉ፣ እግዚአብሔር ነሣ አሉ። የሟቹ ስም ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ተቋረጠ።

ደርግ በነበረበት ዘመን ሜዳ የወጣ ልጅ ስም በቤት ውስጥ እንኳ ጮክ ተብሎ አይጠራም፤ ጆሮ ይፈራል። እናቴ «ያ ልጅ» ትለው ነበር፤ እኛም፣ የነፍስ አባቷም። ሁላችንም እንዲሁ እንዳልን ቀረን።

«ይበሉ፣ ቀሺ» አለች እናቴ። «ይጥሩልኝ።»

«ክፍሎም» አሉ። «ክፍሎም ተድላ።»

ከጎረቤቶቹ አንዷ «ክፍሎም!» ብላ ተቀበለች። ሌላዋም ተከተለች። በሩ ክፍት ነው፤ መንገዱ ላይ ሰዎች ቆመዋል። እናቴ ደረቷን ይዛ ከወንበሯ ተነሣች፤ ማንም ሳይደግፋት እስከ ደጃፉ ሄደች፤ ገጀረት ሁሉ እንዲሰማ የልጇን ስም ጠራች።