ብርቄና የነጋድራሱ ቤት ግድግዳ

ብርቄ ላቀው ጎንደር ከተማ ውስጥ የአራት አሮጌ ቤቶችን ቁልፍ ይዛ የምትዞር ሴት ናት። ቤቶቹ ቤተ መንግሥት አይደሉም። አንደኛው አራዳ አጠገብ፣ ነጋድራስ የሚባሉ ሀብታም ነጋዴ ያሠሩት ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት ነው። ሁለተኛው እጨጌ ቤት ሰፈር ያለ፣ አንድ የድጓ መምህር ተማሪዎቻቸውን ያስተምሩበት የነበረ ክብ ቤት ነው። ሦስተኛው አዲስ ዓለም ያለው የሸማኔ ቤት፣ አራተኛው ደግሞ በጣሊያን ጊዜ ማኪና መጠገን የተማረ ሰው የኖረበት፣ ጋራዡ ከመኝታ ቤቱ የሚሰፋ ቤት ነው። ወራሾቹ አንድ በአንድ ለአንድ የቅርስ ማኅበር አስረከቧቸው፤ ማኅበሩም ወደ ሙዚየምነት ለወጣቸው። የፋሲልን ግቢ አይቶ የወጣ ጎብኚ "ሕዝቡስ የት ነበር የሚኖረው?" ብሎ ከጠየቀ ወደ ብርቄ ይልኩታል።

የተወለደችው ድብ ባሕር አጠገብ፣ ገብስና ባቄላ ከሚያርሱ ሰዎች ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትና ውጤቱ አልመጣላትም። ጎንደር አክስቷ ዘንድ ስትቆይ፣ ለአንድ ክረምት ብላ በነጋድራሱ ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠረች። ያ ክረምት ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው።

በመጀመሪያው ወር ፎቅ ላይ ስትጠርግ፣ ከአንድ የጣራ ወራጅ እንጨት ሥር ዱቄት የመሰለ ነገር አገኘች። ጠረገችው። በማግስቱ ተመልሶ እዚያው ቦታ ላይ ተቀምጧል። ዘበኛው "የጣራ አቧራ ነው" አላት። እሷ ግን ጠረጴዛ ላይ ወጥታ እንጨቱን በቢላዋ ጫፍ ወጋ አደረገችው፤ ቢላዋው እስከ እጀታው ገባ። ነቀዝ ውስጡን ጨርሶታል። ወራጁ በጊዜ ተለወጠ፤ ያን ቀን የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ አንድ ወፍራም ደብተር ሰጥቷት "ያየሽውን ሁሉ ጻፊ" አላት።

ጻፈች። የትኛው ግድግዳ ከየትኛው ዝናብ በኋላ እንደሚረጥብ፣ የትኛው በር በነሐሴ አብጦ አልዘጋ እንደሚል፣ የመምህሩን ብራና የያዘው ሣጥን መቼ እንደተናፈሰ፣ የሸማኔውን ጋቢ ብል መቼ እንደነካው፣ ሁሉንም ከነቀኑ አሰፈረች። ግንቦቹን ሊጠግን የመጣ አንድ ባለሙያ ደግሞ በእግረ መንገዱ ገብቶ አንድ ዘዴ አሳያት፦ ስንጥቅ ባለበት ቦታ ላይ ስስ ወረቀት በሙጫ አግድም መለጠፍ። ወረቀቱ ከተቀደደ ግድግዳው እየተንቀሳቀሰ ነው ማለት ነው፤ ካልተቀደደ ስንጥቁ አሮጌ ነው፣ ተኝቷል። ብርቄ አራቱንም ቤቶች ወረቀት በወረቀት አደረገቻቸው።

ከዚያ ክፉ ዓመታት መጡ። ጎብኚ ጠፋ፤ ሥራ አስኪያጁ ወደ ባሕር ዳር ሄደ፤ ሠራተኛው አንድ በአንድ ተበተነ። ብርቄና የሸማኔው የልጅ ልጅ ነጃት ብቻ ቀሩ። ሁለቱ ሴቶች ሰው ኖረም አልኖረም ጠዋት ጠዋት አራቱንም ቤቶች ከፍተው፣ አናፍሰው፣ ጠርገው ይዘጉ ነበር።

"እት ብርቄ፣ ማን ይመጣል ብለሽ ነው?" ትላታለች ነጃት።

"ቤቱ አየር ይፈልጋል። እንግዳ ቢመጣ ደግሞ ዝግ በር አያይም።"

ችግሩ የጀመረው በእነዚያው ዓመታት ነው። ለበዓል ከተማው ሲዋብ፣ ከማኅበሩ ሰዎች አንዱ በቅንነት ግንበኛ ጠርቶ የነጋድራሱን ቤት የሰሜን ግድግዳ በሲሚንቶ አስለሰነው። ግድግዳው አማረ፣ ለስላሳ ሆነ። በተከታዩ ክረምት ግን ከውስጥ በኩል ላብ ላብ ይለው ጀመር። በጥቅምት ሁለት ወረቀት ተቀደደ። በሚቀጥለው ዓመት አምስት። በሦስተኛው ዓመት ግድግዳው በመካከሉ እንደ እርጉዝ ሆድ ወደ ውጭ ገፋ፤ መንገደኛው ወዲያ ማዶ ተሻግሮ መሄድ ጀመረ።

በመጋቢት ማጠቃለያ የማኅበሩ ኮሚቴ ተሰበሰበ። አማካሪ ሆኖ የመጣው ኢንጂነር አብዮት የሚባል፣ ሥራውን የሚያውቅ፣ ንግግሩ ቁጥብ ሰው ነበር። ግድግዳውን አይቶ ውሳኔውን በአጭሩ ተናገረ።

"ክረምቱን አያልፍም። ሰው ላይ ከመውደቁ በፊት አፍርሶ በብሎኬት መሥራት፣ ከውጭ ድንጋይ ማልበስ ነው።"

ብርቄ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣለች። የኮሚቴ አባል አይደለችም፤ የተጠራችው ቁልፍ እንድታመጣ ነበር። እጇን አነሣች።

"ኢንጂነር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግድግዳው አላረጀም፣ ታፍኖ ነው።"

ሰብሳቢው ፊታቸውን አጨማደዱ። አብዮት ግን "እንዴት አወቅሽ?" አላት።

ደብተሩን አወጣች። አንድ ሳይሆን ሰባት ደብተር ሆኗል። ገጹን እየገለጠች አሳየችው፦ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በሰሜኑ ግድግዳ ላይ አንድም ወረቀት አልተቀደደም። ሲሚንቶው የተለሰነበት ቀን ይኸው። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው እርጥበት፣ የመጀመሪያው ቅዳጅ፣ ሁለተኛው፣ አምስተኛው።

"ድሮ ዝናብ ይገባል፣ በበጋ ደርቆ ይወጣል። አሁን በላይ በኩል ይገባል፣ መውጫ የለውም። ውስጡ ያለው ጭቃና ኖራ ቀልጧል" አለች። "ሲሚንቶውን አንሥተን በኖራ እንመልሰው። ስልሳ ቀን ስጡኝ።"

አብዮት ደብተሩን ተቀብሎ ብዙ አነበበ። በመጨረሻ ቀና ብሎ "እኔ የለካሁት አንድ ቀን ነው፤ እሷ ሃያ ዓመት ለክታለች" አለ። "ስልሳ ቀን ይሰጣት። ግድግዳውን በአጠና አስደግፋለሁ፣ በየሳምንቱም መጥቼ አያለሁ። በሰኔ መግቢያ ቱምቢ ጥዬ ቀጥ ማለቱን እለካለሁ፤ ካልቆመ ግን ይፈርሳል።"

ከስብሰባው ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ስልሳ ቀን አግኝታለች፤ በኖራ የሚገነባ ሰው ግን አታውቅም። በከተማው ያሉ ግንበኞች ሁሉ የሲሚንቶ ልጆች ናቸው። ሦስት ቀን ጠይቃ ስታበቃ አንድ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ "እንፍራንዝ ውስጥ የኖራ ግንበኛው አያ ዋኘው አሉ፣ በሕይወት ካሉ" አላት። በማግስቱ ነጃትን ይዛ ሄደች።

አያ ዋኘው በሕይወት አሉ። ሰማንያን ያለፉ፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ፣ ዓይናቸው ግን የማይስት ሽማግሌ ናቸው። የመጣችበትን ስትነግራቸው ፊታቸውን አዞሩ።

"ምነው ዛሬ ታወስኩ? ሲሚንቶ መጣ ብለው አይደል 'ያንተ ሥራ ዘመኑ አልፏል' ያሉኝ?"

ብርቄ አልተከራከረችም። ከቦርሳዋ ከነጋድራሱ ቤት የወደቀ የኖራ ቁራጭ አውጥታ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ሽማግሌው በጥፍራቸው ፋቁት፤ ወደ ብርሃን አነሡት፤ በምላሳቸው ነካ አደረጉት።

"ሸጋ ኖራ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "አሸዋው የወንዝ ነው፣ የታጠበ። ይኼን የሠራ ሰው አልቸኮለም።"

"እኛ ግን ስልሳ ቀን ብቻ ነው ያለን፣ አያ።"

ሽማግሌው ሳቁ። የተቃጠለ የኖራ ድንጋይ ውሃ ውስጥ ገብቶ ከፈላ በኋላ፣ ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ለብሶ ወራት መተኛት እንዳለበት፣ ቢቻል ዓመት እንደሚሻል አስረዷት። ነጃት የብርቄን ክንድ ያዘች። በዚህ ጊዜ አያ ዋኘው ከተቀመጡበት ተነሥተው ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ጓሮ አመሩ፤ "ኑ" አሉ።

ከጌሾው ጀርባ በድንጋይ ጠፍጣፋ የተከደነ ነገር ነበር። ሦስት ሰው ሆነው ድንጋዩን ገፉት። ከሥሩ ውሃ፣ ከውሃው ሥር ደግሞ እንደ ቅቤ የነጣ፣ እንደ ቅቤ የለሰለሰ ኖራ እስከ ወገብ የሚደርስ ጉድጓድ ሞልቶ ተኝቷል።

"ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ጥገና ያዘጋጀሁት ነበር። በሲሚንቶ እንሥራው አሉና ቀረ። መጣሉ አልሆነልኝም፤ ዘጠኝ ዓመት ውሃ ሳጠጣው ኖርኩ። ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም ነበር።"

ብርቄ እጇን እስከ ክርኗ ነከረችው፤ ቀዝቃዛ ነበር። ሽማግሌው ወዲያው ኖራው ቆዳ ያቃጥላል ብለው ጮሁባትና በውሃ አስታጠቧት። እሷ ግን እየሳቀች ነበር።

ኖራው በአይሱዙ፣ በበርሜል ተጭኖ፣ ውሃ ለብሶ ጎንደር ገባ። አያ ዋኘውም ጋቢና ተቀምጠው መጡ። እጃቸው መሮ አይይዝም፤ ከግድግዳው ፊት ለፊት ወንበር ተደረገላቸውና በምርኩዛቸው እየጠቆሙ ማዘዝ ጀመሩ። ሥራውን የሠሩት ሁለት ወጣት ግንበኞች፣ ብርቄ፣ ነጃትና ከየሰፈሩ የተሰበሰቡ አምስት ሴቶች ናቸው። ሲሚንቶው ሲነሣ ከኋላው የታመቀ እርጥበት ሽታ ወጣ። ድንጋዮቹ ላብ ያንጠባጥባሉ።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን፣ የግድግዳው ሆድ ላይ ሲደርሱ፣ መካከሉ ተንዶ አንድ ክንድ ያህል ሥፍራ ፈረሰ። ሰው አልተጎዳም፤ አቧራው ግን መንገዱን ሸፈነው። አብዮት ተጠርቶ ሮጦ መጣ።

"ወይዘሮ ብርቄ፣ በቃ። ይቁም።"

ብርቄ ኖራ በለበሰ ፊቷ አየችው። ከዚያ ወደ ወደቁት ድንጋዮች ጠቆመች። እያንዳንዱ ድንጋይ ላይ በከሰል ቁጥር ተጽፏል። ሲሚንቶው እንደተነሣ፣ ድንጋዩን መንካት ከመጀመራቸው በፊት ሆዱን በሙሉ ቆጥራ ጽፋበት፣ በደብተሯም ሥላው ነበር።

"ይወድቃል ብዬ ጠብቄው ነበር" አለች። "ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል።"

አያ ዋኘው ከወንበራቸው ሆነው "የታመመውን ሳታወጣ ትሽራለህ እንዴ፣ ልጄ? ይልቅ አንድ አጠና ጨምርና አስደግፍ!" አሉት። አብዮት ኮቱን አውልቆ በአጥሩ ላይ ሰቀለና አጠና ሊያስጨምር ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳምንት አንድ ቀን የተባለው መምጣት በየቀኑ ሆነ። የወደቁትም የገፉትም ድንጋዮች በየቁጥራቸው በኖራ ተመልሰው ተገነቡ፤ ልስኑም ተጀመረ።

ግንቦት አጋማሽ ላይ ዝናቡ ቀድሞ መጣ። እርጥብ ኖራ ዝናብ ካገኘው ታጥቦ ይሄዳል። የሰፈሩ ሰው የማኪና ሸራ፣ የድንኳን ሸራ፣ የእህል ማስጫ ፕላስቲክ ሳይቀር ይዞ ወጣ፤ አንዲት ሻይ ሻጭ ቤቷን የምትጋርድበትን ሸራ ይዛ መጣች። ግድግዳው ዝንጉርጉር ልብስ ለብሶ አሥራ ሰባት ቀን ከረመ። ከሸራው ሥር ብርቄ በየቀኑ ልስኑን በእጇ እየዳበሰች፣ መድረቁ ሲፈጥን ውሃ ረጭ እያደረገች ታዘገየው ነበር።

ሰኔ ሁለት ቀን ሸራው ወረደ። ግድግዳው እንደ ሲሚንቶው ለስላሳ አልነበረም፤ የእጅ አሻራ ያለበት፣ ሞቅ ያለ ነጭ ነበር። ኮሚቴው በሙሉ ተገኘ፤ መንገደኛው ቆመ። አብዮት ፎቁ ላይ ወጥቶ ቱምቢውን ለቀቀ። ክሩ እየተወዛወዘ ቆየና ጸጥ አለ። ከላይ ለካ፣ ወርዶ ከመካከል ለካ፣ ከታች ለካ። እንደገና ለካ።

"ቀጥ ያለ ነው" አለ። ድምፁ ውስጥ ደስታ ነበር። "ጣት እንኳ አይዛነፍም።"

ነጃት እልል አለች። አምስቱ ሴቶች ተከተሉ፤ ሻይ ሻጯም ጨመረች፤ አራዳ በእልልታ ተናጋ። አያ ዋኘው ከወንበራቸው ተነሥተው ምርኩዛቸውን ጥለው ግድግዳውን በሁለት መዳፋቸው ተደገፉት። ብርቄ ቀርባ ክንዳቸውን ይዛ አብራቸው ቆመች።

ክረምቱ በዚያ ዓመት ከባድ ነበር፤ ቀሃ ወንዝ ሞልቶ ድልድዩን ሊነካ ደርሷል። ብርቄ በየማለዳው ወደ ሰሜኑ ክፍል ትገባ ነበር። ግድግዳው ይረጥባል፤ ፀሐይ ሲወጣ ይደርቃል። በመስከረም ኮሚቴው ስብሰባ ጠራና ብርቄን ቁልፍ ይዘሽ ነይ አላላትም፤ ለእሷ ወንበር በመካከል አስቀምጦ ጠበቃት። የአራቱ ሙዚየሞች ኃላፊ ሆነች። "ዲግሪ የለኝም" ስትል፣ አብዮት "ሰባቱን ደብተር ዩኒቨርሲቲ ወስጄ አሳይቻለሁ፤ ተማሪዎች እንላክላት ወይ ብለው የጠየቁኝ መምህራኑ ናቸው" አላት።

ጎብኚም ቀስ በቀስ ተመለሰ። መጀመሪያ የጎንደር ሰው ራሱ መጣ፤ ግድግዳው እንዴት እንደዳነ የሰማ ሁሉ ሊያይ መጣና ሌሎቹንም ቤቶች አይቶ ሄደ። ለጥምቀት በአንድ ቀን ስድስት መቶ ሰው ገባ። ነጃት በአያቷ የሽመና ጉድጓድ ውስጥ ቁጭ ብላ መወርወሪያ ስትወረውር እስከ በሩ ድረስ ሰልፍ ነበር።

አሁን በጋ ነው። ብርቄ ከአሥራ ሁለት ተማሪዎችና ከአምስቱ ሴቶች ጋር እንፍራንዝ ናት፤ የአያ ዋኘው ጉድጓድ ባዶ ስለሆነ አዲስ ኖራ እያቃጠሉ ነው። ሽማግሌው በጥላ ሥር ተቀምጠው እሳቱ ቀነሰ፣ እሳቱ በዛ እያሉ ይጮሃሉ። ከተማሪዎቹ አንዷ፣ ብርቄን "እትዬ፣ ይኼ ለየትኛው ቤት ነው?" ብላ ጠየቀቻት።

"ለመካኒኩ ቤት" አለች ብርቄ፣ እጅጌዋን እየሰበሰበች። "ኖራው ዓመት ይተኛል፤ እኛ ግን ሰኞ ግድግዳውን መመርመር እንጀምራለን። ውሃውን አምጪልኝ።"